የአገር ተጠሪ ለመሆን ማስተርስ ይቅደም ወይስ የበጎ ፈቃድ ምደባ?

ውድ ጠያቂዬ፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ የ29 ዓመት ወጣት ነዎት። ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ ተመርቀው ላለፉት 6 ዓመታት የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሲዳማ ወረዳዎች በሚያሰማራ ድርጅት ውስጥ በአስተባባሪነት ሠርተዋል። በእነዚህ ዓመታት ሦስት የአገር ተጠሪዎች፣ ማለትም የድርጅቱን ሥራ በአገር ደረጃ የሚመሩ ኃላፊዎች፣ መጥተው ሲሄዱ አይተዋል፤ ሦስቱንም ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ ቀበሌ ይዘው የዞሩት እርስዎ ነበሩ። አሁን ያንን ወንበር፣ ከተቻለም በሌላ የአፍሪካ አገር፣ ራስዎ ለመያዝ ይፈልጋሉ። ጥያቄዎም ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለማስተርስ ያውሉት ወይስ የ12 ወር ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ ምደባ ቢያገኙ ሥራዎን ለቀው ይሂዱ የሚል ነው። እናትዎ «የወር ደመወዝ ጥሎ በነጻ ለማገልገል መሄድ ምን የሚሉት ጥበብ ነው» ማለታቸውንም አክለው ጽፈውልኛል።

እኔ ይሂዱ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ግን በቅጡ ላስረዳ፤ እናትዎም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

አስቀድመን የተዘጋውን በር ከተከፈተው እንለይ። በአገራችን የዚህ ሥራ ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የአሜሪካው የሰላም ጓድ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በተከታዩ ዓመት ወደ 280 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞችን፣ አብዛኞቹን ለመምህርነት፣ ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ የመሯቸው በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘንድ የሲቪል መብቶች አማካሪ የነበሩት የሕግ ባለሙያው ሃሪስ ዎፎርድ ናቸው። ይህን የማነሣው የወንበሩን ጠባይ ስለሚያሳይ ነው፤ ተጠሪው የሚመረጠው ጠመኔ ይዞ ክፍል እንዲገባ ሳይሆን ከሚኒስቴር እስከ መንደር የሚያነጋግር ሰው ሆኖ ስለተገኘ ነው። ይሁን እንጂ የሰላም ጓድ የአገር ዳይሬክተር ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት ግድ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጃፓን በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብርም በጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ሥር ስለሆነ የበላዩ ወንበር በተለምዶ የጃፓናውያን ነው። በእነዚህ ቤቶች ጥሩ ሥልጠናና ጥሩ ልምድ ያገኛሉ እንጂ የሚመኙትን ቦታ አያገኙም።

የተከፈቱት በሮች ሌሎች ናቸው። በ1958 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተመሠረተው የበጎ ፈቃድ ድርጅት ቪ.ኤስ.ኦ. ዛሬ በጎ ፈቃደኞቹን ከአፍሪካና ከእስያ ጭምር ይመለምላል፤ የአገር ቢሮዎቹንም አፍሪካውያን ሲመሩ ታይቷል። በ1970 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በጀርመን ቦን ከተማ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር ለዓለም አቀፍ ባለሙያ ምደባ 27 ዓመት የሞላውንና ቢያንስ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ያለውን ሰው ይቀበላል፤ እርስዎ ሁለቱንም ያሟላሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ደግሞ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ለ12 ወራት ወደ ሌላ አፍሪካዊ አገር ይመድባል። ስለዚህ ይህኛው በር ለእርስዎ የ6 ዓመት ዕድሜ ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው፤ ማስተርስ ግን በ40 ዓመትም ይሠራል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እርስዎ ለ6 ዓመታት እንግዳ ተቀባይ ሆነው ኖረዋል፤ እንግዳ ሆነው ግን አያውቁም። የአገር ተጠሪ ማለት እርስ በርስ ሳይተያዩ የተገናኙ ሁለት ወገኖችን፣ ማለትም ከሩቅ የመጣውን በጎ ፈቃደኛና ቤቱን የከፈተለትን ማኅበረሰብ፣ እንዳይቀያየሙ አድርጎ የሚያኖር ሰው ነው። ከሁለቱ አንዱን ጎን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ ለዚያው ጎን ይፈርዳል፤ እኔም ፈርጄያለሁ።

እንደ እርስዎ አስተባባሪ በነበርኩበት ጊዜ ቅቤም ወተትም የማትቀምስ አንዲት በጎ ፈቃደኛ በአንድ የሲዳማ የገጠር ከተማ መደብን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ የቤቱ እመቤት ቅቤው ከላይ የሚንሳፈፍበትን የእንሰት ምግብ፣ ቡርሳሜን፣ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ሞልተው አቀረቡላት። ልጅቷ እጇን ሰብስባ «አመሰግናለሁ» ብላ ዝም አለች። በማግስቱ እመቤቲቱ ወደ እኔ ደውለው «ቤታችን ቆሽሾባት ነው?» አሉኝ። እኔም ነገሩን በቀላሉ ልዘጋው ብዬ «ጾም ላይ ናት» ብል፣ ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነበርና ምክንያቴ አላዋጣኝም። ልጅቷን ጠርቼ «ለአንድ ቀን እንኳ ቀመስ አድርጊ» ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን የምትበላውንና የማትበላውን ከመምጣቷ ከሦስት ወር በፊት በቅጽ ሞልታ ልካ ነበር፤ ቅጹ የተቀመጠው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለቤተሰቡ አስቀድሞ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የዚያችን ልጅ ዝምታ ትርጉም ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ራሴ ዛምቢያ ውስጥ ለአንድ ዓመት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስሠራ ነው። ባስቀመጡኝ ቤት ሰዎቹ ሦስተኛውን የንሺማ (የበቆሎ ገንፎ) ጉብታ ሳህኔ ላይ ሲጨምሩልኝ እምቢ የምልበትን ቃል በቋንቋቸው አላውቅም ነበር። አበሌም ሦስት ሳምንት ዘገየ። እኔ ሐዋሳ ሳለሁ አበል ለዘገየባቸው በጎ ፈቃደኞች «ነገ ይገባል» እያልኩ ቡናዬን እጠጣ ነበር፤ እዚያ የቤት አከራዩ በጠዋት በሬን ሲያንኳኳ ነው «ነገ ይገባል» ምን ያህል ረጅም ቃል እንደሆነ የገባኝ። ይህን የትኛውም የማስተርስ ትምህርት አይሰጥዎትም።

አስተናጋጁን ወገን ያውቁታል ስልም ሙሉ በሙሉ ማለቴ አይደለም፤ እዚህም የተሳሳትኩትን ልንገርዎ። በአንድ ዓመት ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረምን፤ ወረዳው ፈርሟል፣ ርዕሰ መምህሩ ፈርመዋል፣ ማኅተሙም በቦታው አለ። ያልጠየቅናቸው የእንግሊዝኛ መምህራኑን ነበር። በጎ ፈቃደኛዋ የመጀመሪያ ቀን ስትገባ አንዱ መምህር ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እንግዲህ እሷ ታስተምር» ብሎ ወጣ፤ ክፍለ ጊዜው የተቀነሰበት መስሎታል። ልጅቷ አንድ ወር ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ስትደረድር ከረመች። ከዚያ ወዲህ ሳይት ስመርጥ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስወጣ መምህራኑ ሻይ የሚጠጡበትን ቤት ጠይቄ እዚያ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ። የሚመጣው ሰው ምን እንዲሠራላቸው እንደሚፈልጉ፣ ማንስ አብሮት እንደሚሠራ የሚነግሩኝ እዚያ ነው። ኮምፒዩተር ይዞ ይመጣል ብለው የሚጠብቁ ከሆነም እዚያው አውቀዋለሁ።

ስለ ማስተርስ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስ። ተጠሪ በሚፈልጉ ማስታወቂያዎች ላይ ሁለተኛ ዲግሪ ብዙ ጊዜ ስለሚጠየቅ አያስፈልግም አልልዎትም። ነገር ግን ቀጣሪዎች የሚመርጡትን ሰው የሚለዩት በዲግሪው አይደለም። በተለይ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ካቋረጠ በኋላ ብዙ ዲግሪና ብዙ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ያለ ሥራ ቀርተዋል፤ በፕሮጀክት ማኔጅመንት የተመረቀ ሰው በዚህ ገበያ ሞልቷል። ሲመለሱ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ይማሩ። አሁን ጥናት ካማረዎት ፈረንሳይኛ ይጀምሩ፤ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ያሉ ብዙ ቦታዎች ያለ እርሱ አይታሰቡም።

ከዲግሪው ይልቅ ከመሄድዎ በፊት እዚሁ የሚማሩት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የገንዘብና የሕግ ጎን ነው። እስከ ዛሬ እርስዎ በጀት ጠይቀዋል እንጂ በጀት አልያዙም። አለቃዎን ለሁለት ሩብ ዓመት ያህል የአንድ ወረዳ በጀት እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የትኛው ወጪ በየትኛው መደብ እንደሚገባ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ተቀምጠው ይማሩ። የበጎ ፈቃደኞችን የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራስዎ ይዘው ይጨርሱ። በሌላ አገር ሕጉ ሌላ ይሆናል፤ ፋይሉ የት ላይ እንደሚቆም የማወቅ ልማዱ ግን አብሮዎት ይሄዳል።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ልቆይ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጣሉትም ሆነ የሚያልፉት በዚህ ነውና። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ለልማት የሚደረግ በጎ ፈቃድ ዓለም አቀፍ መለኪያ አራት ክፍሎች አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ ራሱን ችሎ የቆመው ድርጅቱ ለበጎ ፈቃደኛውም ለማኅበረሰቡም ያለበት የጥንቃቄ ግዴታ ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ጥያቄ ያቀርባሉ፦ ሌሊት 8 ሰዓት አንዲት በጎ ፈቃደኛ ደውላ የአስተናጋጁ ቤተሰብ ልጅ በሯን ሊከፍት ሞከረ ብትልዎት ምን ያደርጋሉ? ብዙ ተፎካካሪ «ከቤተሰቡ ጋር በሽምግልና እፈታዋለሁ» ይላል፤ አገራችን ሽምግልናን ስለምታከብር መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ በዚህ ቦታ ግን ይጥላል። የመጀመሪያው ሥራ በዚያው ሌሊት ልጅቷን ወደ አስተማማኝ ቦታ ማዛወር ነው። ቀጥሎ ሕክምናም ሆነ ለፖሊስ ማመልከት ብትፈልግ ምርጫውን ለእሷ መተው፣ የነገረችዎትን በራሷ ቃል መጻፍ፣ ለተመደበው ኃላፊ ማሳወቅ ነው። ማጣራቱ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ከሁሉ የሚቀድመው ደግሞ ከስድስት ወር በፊት ክፍሉን ሲያዩ በሩ ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያ እንዳለው በእጅዎ ሞክረው መሆኑ ነው።

ትልቁም ድንገተኛ ጉዳይ እንዲሁ አስቀድሞ መዘጋጀትን ይጠይቃል። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. የሰላም ጓድ በኮሮና ምክንያት በ60 ያህል አገሮች የነበሩትን ወደ 7,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ሲያስወጣ፣ ይህ በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የደረሰው ተጠሪ ማን የት እንዳለ፣ ከዋናው መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ስልኩ የማይሠራለት ማን እንደሆነ በዚያው ሰዓት ማወቅ አለበት። የአንድ ወር ኪራይ የቀረባቸውን ቤተሰቦችና መምህር የጠፋባቸውን ተማሪዎች ቀርቦ የሚያነጋግረውም እንደ እርስዎ ያለ የአገሬው ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለ ልምድ ካለዎት በሥራ ታሪክዎ ላይ «አስተባብሬአለሁ» ብለው አይለፉት፤ ስንት በጎ ፈቃደኞች፣ በስንት ወረዳ፣ ስንት ድንገተኛ ጉዳይ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንደሰጡ በቁጥር ይጻፉ።

ለእናትዎ፦ «በነጻ» የሚለው በትክክል እንዲህ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታትም ሆነ ቪ.ኤስ.ኦ. ለበጎ ፈቃደኛ የመኖሪያ አበልና የሕክምና መድን ይሰጣሉ። አበሉ ግን ለመኖር ነው፤ ወደ ቤት የሚላክ ገንዘብ ይተርፋል ብዬ አልሸነግልዎትም። ቤተሰብዎ በእርስዎ ደመወዝ የሚተዳደር ከሆነ ካጠራቀሙት ውስጥ የስድስት ወር ወጪያቸውን ለይተው በእናትዎ ስም ያስቀምጡ፤ ይህ ካልተቻለ ምደባውን በአንድ ዓመት ያዘግዩት፤ ዕድሜዎ ይፈቅድልዎታል።

ማመልከቻውን በዚህ ወር ያስገቡ። ምደባው ሲመጣልዎ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ከእኔ ጋር የሚሠራው የአገሬው ባልደረባ ማን ነው፣ የማድርበትን ቤት ማን በአካል አየው፣ አበል ቢዘገይ የምደውለው ለማን ነው? መልሱ ሲደርስዎ ይላኩልኝና አብረን እናንብበው።