በእርግጥ ካሣ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ሀብታም አገሮች በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ ድሀ አገሮች ካሣ ለመክፈል ተስማምተዋል ሲባል እሰማለሁ። ይህ በእርግጥ ካሣ ሊባል ይችላል?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ በሕግ ዓይን ካሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ሲጸድቅ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ስለሚያደርሰው ጉዳትና ኪሳራ የሚናገረው አንቀጽ 8 ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሣ ጥያቄ መሠረት እንደማይሆን አብሮት በወጣው ውሳኔ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ለተጎጂ አገሮች እንዲቋቋም የተወሰነው ፈንድም ቢሆን ገንዘብ የሚያገኘው ከፈቃደኛ ለጋሾች ነው።

በዚያው ዓመት የፓኪስታን ጎርፍ 33 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲጎዳ፣ በሲንድ ግዛት የጥጥ ማሳ በውኃ ተውጦ ሲቀር፣ ጥፋቱ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል፤ በ2023 በዱባዩ ጉባኤ ላይ ለፈንዱ ቃል የተገባው ግን ለተጎጂ አገሮች ሁሉ ተደምሮ 1 ቢሊዮን እንኳ አልሞላም። ፓኪስታን በዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ያላት ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነውና፣ ይህ በእኛ እምነት ከፍትሕ የራቀ ነው። ይባስ ብሎ፣ በ2009 በኮፐንሃገኑ ጉባኤ ላይ ለድሀ አገሮች የአየር ንብረት ድጋፍ ቃል ከተገባው በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ፣ ከሀብታም መንግሥታት የመጣው ገንዘብ አብዛኛው ተመልሶ የሚከፈል ብድር ነው።