ሙያ በግቢ ውስጥ፦ የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጅማ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ በማረሚያ ቤትና በወጣቶች ማሳደጊያ ሙያ የሚያስተምሩ፣ ወይም ለማስተማር የተሰናዱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለ20 ታራሚዎች የእንጨት ሥራ ልናስተምር ነው። የገዛነው ትልቅ የኤሌክትሪክ መላጊያ አለ። ከሰልጣኞቹ አንዳንዱ የቀረው 2 ወር ሲሆን ሌላው ገና ዓመታት ይቆያል። አንድ ላይ ማስተማር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ትምህርቱን ግን በወር ሳይሆን በሚሠራው ዕቃ ከፋፍሉት። በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ካስተማራችሁ በ12 ሳምንት 240 ሰዓት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት መሣሪያን በድንጋይ መሳልና በልክ መቁረጥ ብቻ ይሁኑ። ቀጥሎ በርጩማ፣ ከዚያ በወንዴና ሴቴ (የአንዱ ምላስ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ) የሚገጠም የወንበር አካል፣ በመጨረሻ የበርና የመስኮት ክፈፍ። በ6ኛው ሳምንት የሚፈታ ሰው ግማሽ ትምህርት ሳይሆን አንድ ሙሉ ዕቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሥራት ችሎ ይወጣል።

ማሽኑን ወደ ኋላ አቆዩት። ሰውየው ከግቢው በወጣ ማግስት ያ ማሽን አብሮት አይወጣም፤ በማሽን ብቻ የሰለጠነ ሰው ደግሞ ቤቱ ሲገባ ባዶ እጁን ነው። ለአንድ ጀማሪ የሚያስፈልገው መጋዝ፣ የእጅ መላጊያ፣ ባለ 6፣ ባለ 12 እና ባለ 25 ሚሊ ሜትር መሮ፣ መዶሻ፣ ማዕዘን፣ ሜትርና መሳያ ድንጋይ ነው። ሥልጠናውም በእነዚሁ ይጀምር።

መሳል ላይ አትቸኩሉ። የመሮው ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በሰያፍ የተሳለው ፊቱ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይርዘም፤ ይህ 25 ዲግሪ አካባቢ ይሰጣል። ፊቱ ካጠረ መሮው ይደነዝዛል፣ በጣም ከረዘመ ጫፉ ይሸረፋል። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ድንጋዩ ላይ ተኝቶ ካልተስተካከለ ግን ፊቱን ምንም ያህል ብትስሉት አይቆርጥም። ጀማሪ ሁሉ የሚስተው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ሰልጣኞቻችን ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ 3 እግር የጅማ በርጩማ ይሠራሉ። ሲሸጥ ያምራል፤ ወር ሳይሞላ መቀመጫው ይሰነጠቃል፤ ገዢም እየመለሰ ነው። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የሰልጣኞቹ እጅ ላይሆን ይችላል። እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። የግንዱ እምብርት መቀመጫው መሀል ላይ ካለ፣ ዙሪያው ሲጠብብ የሚሄድበት ስለሚያጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በርጩማውን ከሙሉ ግንድ አታውጡ። ወፈር ያለ ግንድ ለሁለት ወይም ለአራት ሰንጥቁና እምብርቱን ጥላችሁ ከቀሪው ፈልፍሉ። ነጩን የዳር እንጨትም አውጡት፤ ነቀዝ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የውፍረት ልዩነት ነው። መቀመጫው 3፣ የእግሩ ሥር 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስሱ ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል፣ ወፍራሙ እርጥብ እንደሆነ ይጎትተዋል። እርጥቡን እንጨት ፈልፍሉ፤ ያኔ ለመሮ ይለሰልሳል፤ ግን ከመጨረሻው ልክ ሁሉም ቦታ 1 ሳንቲ ሜትር አትርፋችሁ አቁሙ። የተቆረጡትን ጫፎች የቀለጠ የንብ ሰም ቀቧቸው፤ ውኃ በጣም ቶሎ የሚያመልጠው በጫፍ በኩል ነው፣ ሰም ደግሞ በእኛ አገር አይጠፋም። ከዚያ በራሱ ፍልፋይ ውስጥ ቅበሩት ወይም ጆንያ አልብሳችሁ ጥላ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሳምንት አቆዩት። ፀሐይ ላይ ያደረ በርጩማ እንደሚሰነጠቅ እርግጠኛ ሁኑ። ቀጥሎ መደርደሪያ ላይ አውጥታችሁ በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ወደ ልኩ ላጡና በብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 80 ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 220 እያለፋችሁ አለስልሱ።

መድረቁን በቁጥር ማወቅ ለምትፈልጉ፣ የወጥ ቤት ሚዛንና የዳቦ ምድጃ ይበቃችኋል። ከዚያው እንጨት ትንሽ ቁራጭ መዝኑ፤ 100 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት። መጀመሪያ 500፣ በመጨረሻ 400 ግራም ከመዘነ፣ የጠፋውን 100 ለ400 አካፍሉ፦ እርጥበቱ 25 በመቶ ነው። ከ12 እስከ 14 በመቶ እስኪደርስ ለገበያ አታውጡት። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ስለሆነ የግንቦት ሥራ ከጥር ሥራ ይልቅ ብዙ ሳምንት ይፈልጋል፤ ይህን በሥልጠናው ፕሮግራም ላይ ጻፉት።

እንጨቱ ዋንዛ ከሆነ፦ በሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነውና የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን ሳታዩ አትረከቡ። ለልምምድ ግራቪላ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጥበቃዎች መሮና መጋዝ ስለሚያሰጋቸው ወርክሾፑ በሳምንት ከ2 ቀን በላይ አይከፈትም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ተከራክራችሁ ሳይሆን ቆጥራችሁ ነው የምትፈቱት። ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ስቀሉ፤ የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ በቀይ ቀለም ሳሉበት። መሣሪያው ሲነሳ ቀዩ ቅርጽ ከሩቅ ይታያል። ለሰልጣኙ 3 ባለ ቁጥር ቆርቆሮ ስጡት፤ የሚወስደውን ባነሳ ቁጥር በቦታው አንዱን ይሰቅላል። ቆጠራ 3 ጊዜ፦ ሲከፈት፣ ከምሳ በፊት፣ ሲዘጋ። ሁለት ሰው ይፈርማል፣ አንዱ ከጥበቃ። የተሰበረ መጋዝና የተቆረጠ ሚስማር ሳይቀር ይቆጠራል፤ አዲስ የሚሰጠው ስባሪው ሲመለስ ነው። አንድ ዕቃ ከጎደለ ማንም አይወጣም፤ ይህም በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም በግልጽ ይነገር።

ጥያቄ፦ በሴቶች ክፍል የልብስ ስፌት መኪኖቻችን ክር ይበጥሳሉ። አሮጌ ናቸውና ይቀየሩ?

መልስ፦ አይቀየሩ። መጀመሪያ መርፌውን አውጡ፤ ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ጎን መዞር አለበት። ለአቡጀዲ ቁጥር 14፣ ለጂንስና ለካኪ ቁጥር 16 ይሁን። ክሩን ስታስገቡ መጫኛ እግሩ ወደ ላይ የተነሳ መሆኑን እዩ፤ ወርዶ ከሆነ ክሩ መወጠሪያው መሀል አይገባም፣ ከጨርቁ ሥርም ዝብርቅርቅ ያለ ቀለበት ይሠራል። የታችኛውን ክር አትውቀሱ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ነው። የመኪና ዘይት በየቀዳዳው በየቀኑ አንድ ጠብታ፤ የምግብ ዘይት ግን ደርቆ ሙጫ ይሆናልና በፍጹም። በእግር የሚነዳ መኪና መብራት ሲጠፋም ሥራ አያቆምም፣ ሰልጣኟ ስትፈታም ያንኑ ዓይነት በርካሽ ታገኛለች።

ጥያቄ፦ ማሳደጊያችን ውስጥ የ16 ዓመት ወጣቶች አሉ። የጋራዥና የብየዳ ሥራ እንዲለምዱ ውጭ ብንልካቸውስ?

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠራ ይላል። ለልምምድም ይህንኑ ልክ ተጠቀሙ። የብየዳ መነጽርና ጓንት የሌለበት ጋራዥ ከሆነ አትላኩ፤ ዓይን የሚተካ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ታራሚው የሠራው ዕቃ ሲሸጥ ገንዘቡ የማን ነው? ሲወጣስ ምን ማስረጃ ይያዝ?

መልስ፦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብ ለሥራቸው ተገቢ ክፍያ እንዲሰጥ፣ ከእሱ ለራሳቸው ዕቃ መግዛትና ለቤተሰብ መላክ እንዲችሉ፣ የተወሰነውም ተቀምጦ ሲፈቱ እንዲሰጣቸው ይላል። በተግባር አንድ የሒሳብ ካርድ ለእያንዳንዱ ዕቃ አውጡ፣ ሰልጣኙ ራሱ ይሙላው። ለምሳሌ በርጩማው 900 ብር ቢሸጥ፣ እንጨት 250፣ ቫርኒሽና ብርጭቆ ወረቀት 100፣ ለመሣሪያ መተኪያ 50 ቢሆን ለሠራተኛው 500 ይቀራል። ካርዱን ሲሞላ ዋጋ ማውጣትም አብሮ ይማራል፤ ሂርማታ ገበያ ቆሞ ሲደራደርም ከስንት በታች እንደማይወርድ ያውቃል።

ለማስረጃው ከግቢው ከሚሰጠው ወረቀት ይልቅ የሙያ ብቃት ምዘናውን አስቀድሙ። ምዘናው የሚያየው መሥራት መቻሉን ነው እንጂ የት እንደተማረ አይደለም፤ ቀጣሪውም የሚያነበው ያንን ነው። መዛኙ ወደ ግቢው የሚመጣበትን ቀን ሥልጠናው ሲጀመር ጠይቁ፤ ሲያልቅ ከጠየቃችሁ ሊፈቱ የተቃረቡት ሳይመዘኑ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ከ2 ሳምንት ቀድማችሁ በሌላ አሰልጣኝ ፊት የሙከራ ምዘና አድርጉ፣ ሰልጣኙ እጁ እየሠራ በአፉም የሚያደርገውን እንዲያስረዳ፣ አማርኛ የማይቀናው ከሆነ በአፋን ኦሮሞ።