አርባው ሳይወጣ የተጻፈ መልቀቂያ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። በሁለተኛው ቀን ለቅሶ አንድ የማታውቂው ጎረምሳ ድንኳን ገብቶ «አባዬ!» ብሎ ተንሰቀሰቀ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። እናትሽ አንገታቸውን ደፉ። ያውቁ ነበር። ያላወቅሽው አንቺ ነሽ። አሁን ፒያሳ በተቀጠርሽበት ቢሮ የባንክ ሂሳብ ከመዝገብ ጋር ስታስታርቂ ቁጥር ይምታታብሻል፤ 900 ብርም አልገጥም ብሎሻል። ገና ሙከራ ላይ ነሽ። «አካውንቲንግ የተማርኩት ለአባቴ ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ዋሸኝ፤ መልቀቂያዬን ጽፌያለሁ፣ ላስገባው?» አልሽኝ።

አሁን አታስገቢ።

አባትሽን ተቆጥተሽ ሥራ ብትለቂ እሳቸው አይሰሙም፤ የሚጎዳው ኪስሽ ነው። ምርጫው የእሳቸው ይሁን፤ አራት ዓመት ቁጭ ብለሽ የተማርሽው ግን አንቺ ነሽ። ምናልባት ሙያው እውነትም ላንቺ አይሆን ይሆናል። እሱን ግን በዚህ ሰሞን መለየት አትችዪም።

እኔ እናቴ በሞተች በሁለተኛው ሳምንት መልቀቂያ ጽፌ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። አነበቡትና መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። «ከአርባዋ በኋላ መጥተህ ውሰደው» አሉኝ። ያን ቀን በጣም ተናደድኩባቸው። እስከ ዛሬ አልወሰድኩትም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለወላጅ ሞት የሚሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ነው፣ ከነደመወዙ። እሱን ጨርሰሻል። ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም ግን እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ መውሰድ ይቻላል፤ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሙከራው ደግሞ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። እስከዚያ እነሱም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ስለሚችሉ ዝም ብለሽ አትቅሪ።

ለአለቃሽ የቤታችሁን ገበና መዘርገፍ አይጠበቅብሽም። «አባቴን ቀብሬ ነው የተመለስኩት። ሐሳቤ ገና አልተሰበሰበም። ለአንድ ወር ሥራዬን ሌላ ሰው ደግሞ ይይልኝ» በይ። በቃ።

ያ አልገጥም ያለሽን 900 ብር ደግሞ እነሱ ሳይደርሱበት ራስሽ ንገሪያቸው። 900 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተገለበጠ አሃዝ ነው፤ 48,720 መባል ሲገባው 47,820 ተብሎ ይሆናል። ቼክ በቼክ ውረጂበት። ደክሞሽ ነው እንጂ ሰንፈሽ አይደለም። ከቤታችሁ ለቀስተኛ ካልጠፋ ከሥራ ስትወጪ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ትንሽ ተቀመጪ። ባታነቢም ችግር የለም። እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ ካለሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ።

ወንድምሽን በተመለከተ (አዎ፣ ወንድምሽ) አክስትሽ «ውርስ ፈልጎ ነው የመጣው» ብለዋል። ልጅነቱ ከተረጋገጠ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከጋብቻ ውጪ ተወለደ ብሎ ድርሻውን አይቀንስበትም። ስለዚህ በዚህ የሚያጣላ ነገር የለም። ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው፤ ልጁ አባቱን ቀብሮ ድንኳን ውስጥ ማንም አላቀፈውም። በብጣሽ ወረቀት የሰጠሽን ስልክ አትጣዪው። ደስ ባለሽ ቀን ደውዪለት፣ ማኪያቶ ጠጡ። እናትሽንም የምትጠይቂበት ቀን ይመጣል፤ ዛሬ ግን እሳቸውም ሐዘንተኛ ናቸው።

መልቀቂያውን ለእኔ ላኪልኝ። መሳቢያ አለኝ።