ፈረስ ጭነው ለሚጓዙ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምና ለጥር 23ቱ የፈረስ በዓል አራት ፈረስ በአይሱዙ ጭነን ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ ስንሄድ፣ መራዊ ላይ ባጃጅ ድንገት ገብቶ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። አንዱ ድንጉላ ወደቀ፤ የቀሩት ረገጡት። ስፖንዳው ከፍ ያለ፣ ገመዱም ጠንካራ ነበር። ምን ጎድሎን ነው?
ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ የጎደለው ወለሉና መለያው ይመስለናል። የገመዱ ጥንካሬም ለብቻው አንድ ችግር ነው። ፈረስ መኪና ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው አራት እግሩን ከፈት አድርጎ በመቆምና አንገቱን ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። እነዚህን ሁለቱን ከከለከሉት፣ ስፖንዳው የቱንም ያህል ቢረዝም ይወድቃል።

ወለሉ ላሜራ ከሆነ ሽንት ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ብዙ ሰው ጭድ በትኖ ይበቃል ይላል፤ ደረቅ ጭድ ግን ላሜራ ላይ ራሱ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል እርጥብ አሸዋ ይደልድሉ፣ ጭዱ ከላይ ይምጣ። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ከሥር ገብተው በካቻቢቴ ይውጉት፤ ካቻቢቴው ከሰመጠ እንጨቱ በስብሷልና ያ ጣውላ ይቀየር። ከላይ ደህና መስሎ ከሥር የበሰበሰ ጣውላ የፈረስ እግር ያሾልካል፤ መኪናው እየሄደ እግሩ ወደ አስፋልቱ የወረደ ፈረስ አይድንም።

በየሁለቱ ፈረስ መካከል ውፍረቱ ክንድ የሚያህል አጠና፣ ከሆዳቸው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በገመድ ይንጠልጠል። ምስማር አይምቱበት፤ አንዱ እግሩን አሻግሮ ቢሰቅል ገመዱን ቆርጠው አጠናውን መጣል አለብዎት። ለአገራችን ፈረስ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይበቃዋል። ጠበቅ ካላደረግናቸው ይወድቃሉ የሚለው ልማድ ስህተት ነው፦ የተጣበቀ ፈረስ እግሩን የሚከፍትበት ቦታ የለውም። አቋቋማቸው በሰያፍ ቢሆን፣ ድንጉላው ከባዝራ ርቆ ከፊት ለብቻው ቢቆም ይመረጣል።

ስለ ገመዱ። በልጓም ፈጽሞ አይሰሩ፤ ፈረሱ ሲንገዳገድ ብረቱ ምላሱን ይቆርጠዋል። ልባብ፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የሌለው የራስ ማሰሪያ፣ ያድርጉለትና ከልባቡ እስከ ማሰሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይተዉለት። ከዚያ ካጠረ አንገቱን ማውረድ አይችልም፤ ከረዘመ ደግሞ የፊት እግሩን ያሻግርበታል። ማሰሪያው በትከሻው ቁመት ይሁን። ገመዱን ስፖንዳው ላይ ካለው ቀለበት ጋር በቀጥታ አያገናኙት፤ ቀለበቱ ላይ የሲባጎ ዙር አስገብተው ገመዱን በሲባጎው ላይ፣ አንዴ ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ ይሰሩት። ፈረሱ ሲወድቅ መበጠስ ያለበት ርካሹ ሲባጎ ነው እንጂ አንገቱ አይደለም። የአምናው ድንጉላ ምናልባት ወድቆ መነሳት ያቃተው ጠንካራው ገመድ ይዞት ነው።

ረዳቱ ፈረሶቹ መሀል አይቁም፤ እዚያ ሆኖ የሚያደርገው ነገር የለም፣ የሚረገጠው እሱ ነው። ሾፌሩ መሸንቲ ሲደርስ ቆሞ ቋጠሮውንና አቋቋማቸውን ይይ፤ አብዛኛው ስህተት በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ይታያል። መራዊ፣ ዱርቤቴና ዳንግላ ከመግባቱ በፊት ማርሽ ቀንሶ ፍጥነቱን ያብርድ። ኩርባ ላይ ገብቶ ፍሬን መያዝ ክልክል ነው፤ ፍሬን ይዞ የሚጨርሰው ከኩርባው በፊት ነው። ከጣና ዳር 1,800 ሜትር ተነስታችሁ ከ2,500 በላይ ስለምትወጡም ላብ ያጠመቀው ፈረስ በነፋስ ይመታል። ሸራው ከፊት በኩል ይዘርጋ፣ ከኋላ ግን አየር ይግባ።

ጥያቄ፦ ፈረሴ ወደ መኪና አልወጣም ይላል። ከኋላ በአለንጋ፣ ከፊት በገመድ ብንጥርም አልሆነም። ዓይኑን ሸፍነን ብናወጣውስ?
ከሐሙሲት

መልስ፦ አይሸፍኑት፤ መሰላሉን ያላየ ፈረስ ጠርዙን ስቶ ይወድቃል። መኪናውን ወደ አፈር ክምር ወይም ከፍ ወዳለ መሬት ጠርዝ ያስጠጉና መውጫው ደልዳላ ይሁንለት፤ ጎማውን በታኮ ይያዙ። የለመደ ፈረስ ቀድሞ ይውጣ። አንድ እርምጃ ወደፊት ባለ ቁጥር ገመዱን ያላሉለት። ገመዱን እጅዎ ላይ መጠምጠም ጣት ያስቆርጣል። ለዚህ ሥራ በበዓሉ ዋዜማ ማታ ሳይሆን ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ለሁለት ፈረስ የሚሆን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ብየዳ ቤት አሠርቼ በፒክአፕ እየጎተትኩ ነው። ከ60 በላይ ስነዳ ጭራው ይወዛወዛል።
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ክብደቱ ወደ ኋላ በዝቷል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት፦ ፈረሶቹን ጨምሮ 1,200 ኪሎ ከሆነ ከ120 እስከ 180 ኪሎ። የተሳቢውን አፍንጫ ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ ፈረሶቹ ቆመውበት ይለኩት። ካነሰ የደረት ማገጃውን ወደፊት ገፋ አድርገው ያሠሩት፤ ካልበቃ አክሰሉ ወደ ኋላ ይሂድ። አንድ ፈረስ ብቻ ሲጭኑ በግራ በኩል ይቁም፤ መንገዳችን ወደ ቀኝ ዳር ስለሚዘቀዝቅ በቀኝ ያለ ክብደት ወደ ቦዩ ይጎትታል። ሁለት ሰንሰለት ከመንጠቆው ሥር ተሻግረው ይታሰሩ፤ መንጠቆው ቢወልቅ አፍንጫው እነሱ ላይ ያርፋል። በየማረፊያው የጎማውን መሀል በእጅ ጀርባ ይንኩት፤ ካቃጠለ ኩሽኔታው እያለቀ ነው።

መወዛወዝ ሲጀምር እግርዎን ከነዳጅ መርገጫው ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ። ፍሬን አይርገጡ፣ እቀድመዋለሁ ብለውም አይፍጠኑ።

ጥያቄ፦ መኪናው ቢገለበጥ መጀመሪያ ምን እናድርግ?
ከመራዊ

መልስ፦ የኋላውን በር አይክፈቱ። ክፍት በር ያየ ፈረስ ዘሎ አስፋልቱ ላይ ይሮጣል፤ ሁለተኛው አደጋ ከመጀመሪያው ይከፋል። በሁለቱም አቅጣጫ መንገዱ ይዘጋ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ሰው ሁሉ ዝም ይበል፤ በአገራችን ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ፣ በፈረሱ ጀርባ በኩል፣ ከእግሮቹ ርቆ ይጠጋ። ዓይኑ ላይ ነጠላ ወይም ጋቢ ጣል ያድርግለት፤ መሸፈን የሚጠቅመው ለተኛ ፈረስ ነው። ገመድ የሚቆረጠው በልባቡ ላይ ሌላ ረጅም ገመድ ከታሰረ በኋላ ነው። በአንገት ወይም በእግር ተጎትቶ የወጣ ፈረስ ይሰበራል፤ ሰፊ ጠፍር ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ዙሪያ አሳልፈው ይጎትቱት።

ሲቆም ወዲያው አያስኪዱት። ድዱን በጣት ተጭነው ይልቀቁት፦ ነጭ የሆነው ቦታ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ካልቀላ ደም እየፈሰሰው ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይጠራ። ግማሽ ሰዓት አርፎም የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 ካልወረደ እንዲሁ። ደህና ቢመስልም ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ይለኩት፤ ከ38.5 ዲግሪ ካለፈና ካሳለ ሳንባው ተነክቶ ሊሆን ይችላል።