ብቻሽን አንድ ወር ለማረፍ፦ እኔ ታቪራን መርጬ ነበር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሊት ከሥራ እንደገባሁ አነበብኩት፤ ሳልመልስልሽ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። እናትሽን ሁለት ዓመት አስታምመሽ፣ ቀብረሽ፣ አርባዋ ሳይወጣ ወደ ሥራ መመለስሽን ጽፈሻል። አሁን የአንድ ወር ፈቃድ አግኝተሽ "አውሮፓ ውስጥ ብቻዬን የማርፍባት ጸጥ ያለች ከተማ ጠቁሙኝ" ብለሻል። የእናትሽን ነፍስ ይማር፤ ላንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ።

እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ሰውነቴ መተኛት እንኳ ረስቶ ነበር። ያን ጊዜ ለማረፍ አንድ ወር ያሳለፍኩት በፖርቱጋል ደቡብ ጫፍ፣ አልጋርቬ በሚባለው አካባቢ፣ ታቪራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ገብቼ በማርች መጨረሻ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ፍራንክፈርት ነበር፤ የአክስቴ ልጆች አሉ። አንዲት ጓደኛዬ "ዘመድ ቤት ከሄድሽ እንግዳ ነሽ፤ እንግዳ ደግሞ አያርፍም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ዛሬ እዚህ ቡና፣ ነገ እዚያ ምሳ፣ "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?"፣ ለቅሶ ያልደረሰሽ ሁሉ ደግሞ እንደ አዲስ ያስለቅስሻል። ፍቅራቸውን ንቄ አይደለም። ሰው ፊት ደህና ለመምሰል እንኳ አቅም ሲጠፋ ነው እንዲህ ያለ ወር የሚያስፈልገው። ዘመዶችሽን መመለሻሽ ላይ ሁለት ቀን ጎብኚያቸው።

ከተማ ስመርጥ አንድ ጥያቄ ነበር የያዝኩት፤ ቱሪስት በሌለበት ወቅት ይቺ ከተማ በምን ትኖራለች? ለባሕር መዝናኛ ብቻ የተሠሩት ሰፈሮች በአውሮፓ ክረምት፣ ብርዱ ሲገባ፣ መስኮታቸው ተዘግቶ ምግብ ቤቱም ሱቁም ቁልፍ ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው እዚያ ባይሄድ ይሻላል። ተራራ ላይ ያለችው የምታምር መንደርም ያለ መኪና እስር ቤት ትሆናለች። ታቪራ ግን ተማሪዎች ጠዋት ቦርሳቸውን አንግተው የሚያልፉባት፣ ገበያ፣ ፋርማሲ፣ ጤና ጣቢያና ባቡር ጣቢያ ሁሉም በእግር የሚደረስባት ከተማ ናት። ከሊዝበን ፋሮ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ከፋሮ ታቪራ ደግሞ አርባ ደቂቃ ገደማ። ከጣቢያው ቁልቁል ሩብ ሰዓት ሳትሄጂ ዢላዎ ወንዝ ላይ ትደርሻለሽ። ወንዙን የሚያሻግረውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሰዉ "የሮማውያን" ይለዋል፤ መኪና አያልፍበትም። ማታ ማታ ውሃው ከባሕሩ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ድልድዩ ላይ ተደግፎ ማየት የእኔ ሥራ ሆኖ ነበር።

ጨው ማምረቻውን ግን ለብቻው ልንገርሽ። ከከተማዋ ወደ ጀልባ መሳፈሪያው የሚወስደው መንገድ በጨው ኩሬዎች መካከል ያልፋል። የባሕር ውሃ ጥልቀት ወደሌላቸው ኩሬዎች ይገባል፤ በጋ ላይ ፀሐይ ታተነዋለች፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን ስስ ጨው ሠራተኞች በእጅ ይገፍፉታል፤ ፍሎር ዴ ሳል የሚሉት እሱ ነው። እኔ በሄድኩበት ወቅት ኩሬዎቹ ውሃ ሞልተዋል፤ ውስጣቸው ፍላሚንጎ የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች። ፍላሚንጎ ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጭንቅላቱን ገልብጦ ውሃው ውስጥ ይከትና በእግሩ ጭቃውን እየረገጠ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በመጣሁ በአራተኛው ቀን ቆሜ ሳይ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። እጄን ስመለከት ስልኬን አልያዝኩም፤ ቤት ረስቼው ወጥቻለሁ። ስልኬን ረስቼ ከቤት ከወጣሁ ዓመታት ነበር።

አካባቢው ሪያ ፎርሞዛ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ጥበቃ የሚደረግለት የተፈጥሮ ፓርክ ነው። ከባሕሩ ፊት ረጃጅም የአሸዋ ደሴቶች ተዘርግተዋል፤ አንዱ ላይ ባሪል የሚባል ዳርቻ አለ። በተንሳፋፊ ድልድይ ተሻግረሽ በትንሽዬ ባቡር ወይም በእግርሽ ትሄጃለሽ። እዚያ ቱና ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ሰዎች ሥራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲቆም መልሕቆቻቸውን አሸዋው ላይ በረድፍ በረድፍ ተክለዋቸው ሄደዋል። በመቶ የሚቆጠር የዛገ ብረት፣ ከኋላው ባሕር። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አየሁት፤ በሦስተኛው ቀን እዚያው ተቀምጬ አባቴን አለቀስኩት። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ምን እበላለሁ የሚል ስጋት ነበረኝ። ዓሣ የሚነካም የማይነካም እዚያ አይቸገርም። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ የወይራ ዘይት፣ ደረቅ በለስ፣ ከዛፉ የወረደ ብርቱካን፣ ትኩስ ዳቦ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። የሜዲትራንያን አመጋገብ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ፖርቱጋልን ወክላ የቀረበችው ይቺው ታቪራ ናት፤ ያን የሰማሁት ከደረስኩ በኋላ ነው። ብርቱካን የምትሸጥልኝ አሮጊት በሁለተኛው ሳምንት "ቦም ዲያ" (እንደምን አደርሽ) ከማለቴ በፊት ከረጢቱን መሙላት ጀመረች። አንድ ቃል ሳንግባባ በየቀኑ የምትጠብቀኝ ሰው አገኘሁ ማለት ነው። ለኔ መድኃኒቱ ያ ነበር፤ ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚያውቅሽ ሰው። ስለዚህ በአንድ ወር አምስት ከተማ ላዳርስ አትበዪ። አንድ ቤት፣ አንድ ቡና ቤት፣ አንድ ዳቦ ቤት ያዢ።

አሁን ወደ ስህተቴ። ቤቱን የያዝኩት በፎቶ ነው፤ ፎቶው በጋ ላይ ተነስቷል። ምድር ቤት፣ ፀሐይ የማይገባው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ግድግዳው እርጥብ። በደቡብ ፖርቱጋል ቤቶች የሚሠሩት ሙቀት እንዲከላከሉ ነው፤ ብዙዎቹ ማሞቂያ የላቸውም። ቀን ውጭው 17፣ 18 ዲግሪ ሆኖ ቤት ውስጥ ጃኬት ለብሼ እተኛ ነበር። አከራዩ "ሁሉም ቤት እንዲህ ነው" አለኝ። በአምስተኛው ቀን ከፊል ገንዘቤን ትቼ ፎቅ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኝ ክፍል ተከራየሁ፤ ለካ ሁሉም ቤት እንዲህ አይደለም። አንቺ ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱ ወዴት ይዞራል፣ ማሞቂያው ምንድን ነው። ከበጋ ውጭ ለወር ሲሆን ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ሳታፍሪ ተደራደሪ። ጁላይና ኦገስት ግን ታቪራም ትጨናነቃለች፤ አትሂጂ።

ዘጠነኛው ቀን ገደማ ይከብድሻል፤ ቀድመሽ እወቂው። እንቅልፉ ጠግቦ፣ አዲስነቱ አልቆ፣ እሑድ ሱቅ ተዘግቶ "እዚህ ምን እሠራለሁ?" ትያለሽ። እኔ የዚያን ቀን ትኬት ልቀይር ስልክ ደውዬ ነበር፤ መስመሩ ቢቆይብኝ ተውኩት። በማግስቱ ማለዳ ወደ ጨው ኩሬዎቹ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልከበደኝም። ሰው እንዳይጠፋብሽ ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ በቀን አንድ ሰዓት ወስኝና ደውዪ። ከቤተሰብ "ብቻዋን ምን ሆና ነው?" የሚል ስልክ ስለማይቀር፣ አንድ ሰው መልስ እንዲሰጥልሽ አድርጊ።

ብቻዋን ላለች ጥቁር ሴት እንዴት ነው ላልሽው፣ ፖርቱጋል ከኬፕ ቨርዴና ከአንጎላ የመጣ ሰው ብዙ ስለሆነ ፊታችን እንግዳ አይደለም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በወንዙ ዳር ብቻዬን ስሄድ አልፈራሁም። ትኩር ብሎ የሚያይ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ሰላም ስትዪው ይመልሳል።

ስለ ቪዛ፤ የያዝሽው የአሜሪካ ፓስፖርት ከሆነ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ትቆያለሽ። በግሪን ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሻል፤ ብዙ ሰው ግሪን ካርድ ይበቃል ብሎ ከኤርፖርት ተመልሷል። ማመልከቻው ከጉዞሽ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠይቃሉ።

ባሕር የማይስማማሽ ከሆነ ሉካን እይ፤ ጣልያን ውስጥ፣ ከፒዛ ከተማ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። አሮጌው ቅጥር አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ከተማዋን ዞሮ ላዩ በዛፍ የተሸፈነ የእግር መንገድ ነው። ከታቪራ ሰው ይበዛባታል፤ ለእኔ አንድ ሳምንት በቂ ነበረች።

ታቪራ የምትሄጂ ከሆነ ወፍራም ካልሲና የሌሊት ሹራብ ያዢ። የፓስፖርትሽን ዓይነትና የምትሄጂበትን ወር ጻፊልኝና ፀሐይ የሚያገኙት ቤቶች በየትኛው ሰፈር እንዳሉ እነግርሻለሁ።