የታይሮይድ ክኒን እጅ መታጠቡን ያስቆማል?

«እጄን ደጋግሜ እታጠባለሁ፣ በር መቆለፌን ሦስት አራቴ ተመልሼ አያለሁ። የታይሮይድ ምርመራዬ ቲኤስኤች 9 ሆነ። ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው?» (ከአራት ኪሎ)

አይመስለንም። ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢን የሚያዘው ሆርሞን) በጤነኛ ሰው በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 ነው፤ 9 የታይሮይድ ዕጢው መድከሙን ይጠቁማል፤ ነጻ ቲ4 (ዕጢው ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) ታይቶ ሕክምናው ይወሰናል። የደከመ ዕጢ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀትና ድብርት ያመጣል። ከልክ በላይ የሚሠራው ደግሞ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያስጨንቃል። ሁለቱም ቀድሞ የነበረውን ኦሲዲ፣ ማለትም እንደ እርስዎ ሐሳብ እየተመላለሰ ድርጊት የሚያስደጋግመውን የአእምሮ ሕመም፣ ሊያባብሱ ይችላሉ። ሳይፈልጉት የሚመላለስ ሐሳብና እሱን ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊት ግን የራሱ ሕክምና አለው፤ ሆርሞኑ ስለተስተካከለ ብቻ እምብዛም አይለቅም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳክሙ። ለአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ድረስ መሄድ የከበደው ሰው ዘውዲቱንም ይጠይቅ።

«ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ለውጥ የለም። ጠዋት ከቡና ጋር ነው የምውጠው። አንዳንዴ መዋጤን እጠራጠርና እደግመዋለሁ።» (ከካዛንቺስ)

ሌቮታይሮክሲን የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካ ክኒን ነው፤ ቡናው በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ውጠው ቡናውንም ቁርሱንም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያቆዩ። የብረትና የካልሲየም ክኒን ከዚህ መድኃኒት በ4 ሰዓት ልዩነት ይወሰድ። በጾም ወቅት ጠዋት የማይመች ከሆነ፣ ሐኪምዎ ከተስማማ፣ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ ማታ መውሰድ ይቻላል። ለውጡን ለመመዘን ገና ነው፤ ደሙ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው።

መድገሙን ግን ዛሬውኑ ይተዉ። መድኃኒቱ ከሰውነት በግማሽ ለመውጣት 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ አንድ ቀን ቢዘለል አይጎዳም፤ እየተደጋገመ ሲበዛ ግን ልብ ምት ያፋጥናል፣ ጭንቀቱንም ይጨምራል። በየቀኑ የተከፋፈለ የክኒን ሳጥን ይግዙ፤ የዕለቱ ክፍል ባዶ ከሆነ ውጠዋል። አንዴ ብቻ ይዩት፤ ተመልሶ ማየቱ ራሱ የሕመሙ መኖ ነው።

«ሰርትራሊን ታዘዘልኝ፤ ከታይሮይድ መድኃኒቴ ጋር ይጋጫል?» (ከለገሃር)

ሰርትራሊን ለድብርትና ለኦሲዲ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ አብረው ይወሰዳሉ። አንዳንድ ሰው ላይ የሌቮታይሮክሲን ፍላጎት ስለሚጨምር ከተጀመረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይደገም። ለኦሲዲ ብዙ ጊዜ ከድብርት የበለጠ መጠን ያስፈልጋል፣ እስከ 200 ሚሊግራም ድረስ፤ ውጤቱም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል። በ3ኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ልምምዱ አይቅር፦ የታክሲ በር እጀታ ይዞ ሳይታጠቡ መቆየት፣ ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ። ከቀላሉ ይጀመራል፣ ከባለሙያ ጋር።

«አዮዲን ያለው ጨው ባበዛስ?» (ከፒያሳ)

አያብዙ። ከመጠን ያለፈ አዮዲን ራሱ ዕጢውን ያውካል። የተለመደውን ያህል ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩ፤ ዕቃውን ከድነው ከፀሐይ ያርቁት።