ሳይን 50ኤክስ አንድ ሞገድ ብቻ ሆኖ ለምን ወጣ? (ረዘም ያለ መልስ)

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ጠዋት አይቼው ነበር ግን በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ አሁን ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ ነው የምመልስልሽ። በኋላ ለሚገቡ ሰዎች ጥያቄዋ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ፓይተን ላይ በነምፓይ ሊንስፔስ (እኩል የተራራቁ ነጥቦች የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው) ከ0 እስከ 2ፓይ ነጥቦች ወስዳ ሳይን 50ኤክስን ፕሎት ስታደርግ 50 ሞገድ መውጣት ሲገባው አንድ ብቻ፣ ያውም ለስላሳ ቆንጆ ሞገድ ወጣላት። ጓደኛዋ ማትላብ ላይ በኤፍፕሎት ሲሰራው ደሞ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ። የቱ ነው ልክ? ፕሮጀክቷ የዲመር (የመብራት ማደብዘዣ) ሰርኪት ስለሆነ ደሞ ሶፍትዌሩ ነጥቦቹን አንዱ ጋ እያበዛ ሌላው ጋ እያሳነሰ እንዲወስድላት ማድረግ ይቻላል ወይ ነው ያለችው።

ልኩ የጓደኛሽ ነው። ያንቺ ኮድም ቢሆን እንደታዘዘው ነው የሰራው፣ ሊንስፔስ ስንት ነጥብ እንደምትፈልጊ ካልነገርሽው በዲፎልት 50 ነጥብ ነው የሚሰጥሽ፣ ጉዱ ሁሉ እዛ ጋ ነው። 50 ነጥብ ማለት በመሀላቸው 49 ክፍተት ማለት ነው ስለዚህ ስቴፑ 2ፓይ ሲካፈል ለ49 ይሆናል። አሁን የፈለግሽውን ነጥብ፣ ኬኛውን በይው፣ በ50 አባዢው። 50ን 49 ሲደመር 1 አድርገሽ ብትበትኚው 2ፓይ ጊዜ ኬ ሲደመር ራሱ ኤክስ ይቀርሻል፣ 2ፓይ ጊዜ ኬ ደሞ ሙሉ ዙር ስለሆነ ሳይን ውስጥ ይጠፋል። በነዚያ 50 ነጥቦች ላይ ሳይን 50ኤክስ እና ሳይን ኤክስ አንድ ናቸው ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ማትፕሎትሊብ (የፓይተን ግራፍ መሳያው) ዓይኑን በጨው ታጥቦ አንድ ሞገድ ያሳየሽ፣ የደረሰው ቁጥር ያው ስለሆነ ሊለያቸው አይችልም።

እስቲ 50ውን 48 አድርጊው፣ አንድ ሞገድ ተገልብጦ ይወጣል። 49 ስታደርጊው ደሞ የባሰ ነው፣ ሁሉም ነጥብ ዜሮ ላይ ያርፋል፣ ግን ኮምፒውተሩ ፓይን ሙሉ በሙሉ መያዝ ስለማይችል ትንሽ ፍርፋሪ ይቀራል፣ ማትፕሎትሊብ የዋይ አክሲሱን ራሱ ስለሚያስተካክል ያንን ፍርፋሪ አጉልቶ የሆነ የተዘበራረቀ ነገር ይስልልሻል። ግራፉ አናት ግራ ጥግ ላይ 1ኢ-14 የምትል ትንሽ ጽሁፍ ካየሽ የምታዪው ሲግናል ሳይሆን የራውንዲንግ ትርፍራፊ ነው። ላብ ላይ ይቺን ጽሁፍ ሳያዩ ኖይዝ አለው ብለው ፊልተር መስራት የሚጀምሩ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ማትላብም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፣ እሱ ሊንስፔሱ ዲፎልቱ 100 ነው፣ ስለዚህ ሳይን 100ኤክስ ስጪው አንድ ሞገድ ያወጣልሻል። ጓደኛሽን ያዳነው ማትላብ ስለሆነ ሳይሆን ኤፍፕሎት ነጥቡን ራሱ ስለሚመርጥ ነው።

ይሄ ነገር ኤሊያሲንግ ነው ስሙ፣ ናይኲስት በ1928 ሻነን በ1949 የጻፉት ጉዳይ ነው፣ ሲግናል ኮርስ ላይ በፔሬድ ከ2 ነጥብ በላይ ውሰዱ ተብለሽ ይሆናል። ግን ተጠንቀቂ፣ ያ ለፕሎት አይበቃም። የሻነን ነገር የሚሰራው ነጥቦቹን መልሰሽ በሲንክ ፈንክሽን (ሳይን ኤክስ ሲካፈል ለኤክስ በሚባለው ኩርባ) ስታገጣጥሚያቸው ነው፣ ፕሎት ደሞ የሚያገናኘው በቀጥታ መስመር ነው። በፔሬድ 10 ነጥብ ብትወስጂ ሞገዱ አናት አካባቢ መስመሩ እስከ 5 ፐርሰንት ገደማ ይጎድላል፣ 20 ብትወስጂ 1.2 ፐርሰንት፣ 40 ላይ 0.3 ፐርሰንት ብቻ ይሆናል፣ ከዛ በኋላ ዓይን አይለየውም። ቀመሩ ቀላል ነው፣ 1 ሲቀነስ ኮሳይን ፓይ ሲካፈል ለነጥቡ ብዛት። እኔ ለሪፖርት ሲሆን 40 ነው የምወስደው፣ ቶሎ ለማየት ብቻ ከሆነ 20 ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። አዎ ይቻላል፣ አዳፕቲቭ ሳምፕሊንግ ይባላል፣ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮችም አላቸው፣ ግን ሰው እንደሚያስበው ሁሉን የሚያውቅ ነገር አይደለም። አሰራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ትንሽ ነጥብ ይወስዳል፣ ከዛ በሁለት ነጥቦች መሀል ሌላ ያሰላል፣ አዲሱ ነጥብ ሁለቱን በሚያገናኘው መስመር ላይ ካረፈ እዚህ ቀጥ ያለ ነው ብሎ ያልፋል፣ ከጎበጠ ደሞ ለሁለት ከፍሎ ይገባል፣ እንደገና ይከፍላል፣ የተፈቀደለት ጥልቀት እስኪያልቅ። የሚያየው ጉብጠትን ነው እንጂ ፍሪኩዌንሲን አይደለም። ለዚህ ነው ፔሬዲክ ፈንክሽን ላይ የሚሞኘው፦ ሳይን 64ኤክስን ስጪውና ከ0 እስከ 2ፓይ ያለውን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እያለ እኩል ሲከፍል እስከ 128 ክፍል ድረስ የሚያገኘው ነጥብ በሙሉ ዜሮ ነው። በጥቂት ነጥብ የጀመረ ከሆነ ሁሉም ቀጥ ያለ ነው ብሎ አግዳሚ መስመር ስሎልሽ ስራዬን ጨረስኩ ይላል።

ይሄን የሚያውቁ ሰዎች የሰሯቸው ሶፍትዌሮች ነጥቡን ሆን ብለው ትንሽ ያዛንፉታል። ሴጅ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር በዲፎልት 200 ነጥብ ይወስድና እነሱንም ራንደማይዝ ያደርጋቸዋል፣ ከዛ እስከ 5 ደረጃ ይከፍላል። ሲምፓይ አዳፕቲቭ ሲሆን መሀሉን ልክ ግማሽ ላይ አይወስድም፣ ከ45 እስከ 55 ፐርሰንት ባለው ውስጥ በዕጣ ይመርጣል። ማክሲማ 29 ነጥብ ይጀምርና 5 ጥልቀት ይሄዳል፣ በ29 መጀመር ለፔሬዲክ ነገር በጣም ትንሽ ነው ስለዚህ ኤንቲክስ የሚለውን (የመነሻ ነጥቡን ብዛት) ከፍ አድርጊው። ግኑፕሎት ላይ 100 ነው ዲፎልቱ፣ ሴት ሳምፕልስ ብለሽ ነው የምትቀይሪው። ማቲማቲካ ላይ ፕሎትፖይንትስ የመነሻውን ብዛት ነው፣ ማክስሪከርዥን ደሞ ጥልቀቱን፣ ፈንክሽኑ ፈጣን ከሆነ ሰው ሁሌ ሁለተኛውን ነው የሚነካው ግን መነሻው ካነሰ ጥልቀት መጨመር ምንም አይጠቅምም፣ መጀመሪያ ያላየውን ቦታ አይከፍለውምና። ሜሽ ኦል ብትይው የወሰዳቸውን ነጥቦች በሙሉ ነጠብጣብ አድርጎ ያሳይሻል፣ እንደሱ የሚያስተምር ነገር የለም፣ ምን እያየ እንደሆነ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ማፕል ደሞ እኔ የምወድለት ነገር ሳምፕል የሚል ኦፕሽን አለው፣ ራስሽ የመረጥሻቸውን ነጥቦች ዝርዝር ትሰጪዋለሽ፣ አዳፕቲቩን ፎልስ ካደረግሽው እነሱን ብቻ ይጠቀማል።

እና የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ፔሬዲክ ፈንክሽን ላይ ፔሬዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ሶፍትዌሩ አያውቅም፣ ስለዚህ ነጥብ መምረጡን ለሱ አትተዪለት። አንድ ፔሬድ ብቻ በጥንቃቄ ስሪ፣ ከዛ ደጋግመሽ ቅጂው።

ያንቺን ዲመር እንውሰድ። መስመራችን 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ ፔሬዱ 20 ሚሊሰከንድ፣ ጫፉ 311 ቮልት። ፋየሪንግ አንግሉ 60 ዲግሪ ነው እንበል፣ ያ ማለት ትራያኩ (ዲመሩ ውስጥ ያለው ስዊች) የሚከፈተው በ3.33 ሚሊሰከንድ ላይ ነው፣ እዛ ጋ ቮልቴጁ ከዜሮ ወደ 269 ቮልት በአንዴ ይዘላል። በዲፎልቱ 50 ነጥብ ሁለት ፔሬድ ብትስዪ ስቴፑ 0.8 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሆነ ያ ዝላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ግድግዳ መሆኑ ቀርቶ ተንጋዶ ይወጣል፣ አስተማሪሽም ሎዱ ኢንዳክቲቭ (ጥቅል ሽቦ ያለበት) ነው እንዴ ብሎ ይጠይቅሻል። እኩል ስቴፕ እየወሰድሽ ያንን ግድግዳ በ0.01 ሚሊሰከንድ ልክ ማውጣት ከፈለግሽ በፔሬድ 2000 ነጥብ ያስፈልግሻል። በተለዋዋጭ ግን ዜሮ የሆነው ክፍል ቀጥ ያለ ስለሆነ ከ0 እስከ 3.33 ሁለት ነጥብ ይበቃዋል፣ መጀመሪያውና መጨረሻው። ከዛ 3.33ን እንደገና ጻፊው፣ አሁን ግን 269 ቮልት ይዞ፣ አንድ ሰዓት ሁለት ዋጋ ስላለው መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከ3.33 እስከ 10 ደሞ ሳይኑን በ30 ነጥብ አድርጊው፣ 3.33 ውስጡ ተቆጥሮ። ግማሹ አለቀ፣ ሌላው ግማሽ 10 ሚሊሰከንድ ተደምሮበት ምልክቱ የተገለበጠ ነው። በድምሩ 64 ነጥብ ነው፣ ከ2000ው የተሻለ ስዕል ይሰጥሻል።

ስትደጋግሚው ሰዓቱ ላይ ለእያንዳንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ እየደመርሽ ትሄጃለሽ፣ ቮልቴጁን ደሞ ታይል በሚለው ፈንክሽን እንዳለ ትቀጂዋለሽ። የመጨረሻዋን ነጥብ ማለትም 20 ላይ ያለችውን ጣያት፣ የሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ እሷው ናት። ለስላሳ ሳይን ብቻ ሲሆን ሊንስፔስ ላይ ኤንድፖይንት ፎልስ ማለት ይሄንኑ ይሰራልሻል። ታንጀንት አይነት ወደ ኢንፊኒቲ የሚሄድ ነገር ካለሽ ደሞ መቋረጫው ላይ ናን (ቁጥር አይደለም የሚል ምልክት) አስገቢ፣ መስመሩ እዛ ጋ ይቆረጣል፤ ማፕል ላይ ዲስኮንት ትሩ፣ ማቲማቲካ ላይ ኤክስክሉዥንስ የሚሉት ይሄንኑ ነው የሚሰሩት።

ፍሪኩዌንሲው ራሱ የሚቀየር ከሆነስ? ለምሳሌ ሳይን ኤክስ ስኩዌር ከ0 እስከ 20። እዚህ ዘዴው ነጥቡን በኤክስ ላይ ሳይሆን በፌዙ (ሳይኑ ውስጥ በሚገባው ቁጥር) ላይ እኩል ማድረግ ነው። ቴታ ብለሽ ከ0 እስከ 400 እኩል ነጥቦች ውሰጂ፣ ከዛ ኤክስን የቴታ ስኩዌር ሩት አድርጊው። ወደ 64 ዙር አካባቢ ስለሆነ በዙር 20 ነጥብ ብትይ 1300 ገደማ ይሆናል፣ በኤክስ ላይ እኩል አደርጋለሁ ብትይ ግን መጨረሻ ላይ ያለው ፈጣኑ ሞገድ 20 ነጥብ እንዲያገኝ በጠቅላላው እጥፉን መውሰድ አለብሽ። አንድ እንከን አለው፣ ዜሮ አጠገብ ነጥቦቹ ይራራቃሉ፣ የመጀመሪያው ስቴፕ ብቻ 0.56 ነው፣ እዛ ጋ ኩርባው የተሰበረ ይመስላል፣ ከ0 እስከ 1 ባለው ሃያ ሰላሳ ነጥብ ጨምሪና ሶርት አድርጊው።

ሲሙሊንክ (የማትላብ ሲሙሌሽን መስሪያ) ላይም መስራትሽ ስለማይቀር ይሄንን ያዢ። ቫሪያብል ስቴፕ ነው ተብሎ ሰው በጣም ያምነዋል፣ ግን ማክስ ስቴፕ ሳይዙ አውቶ ከሆነ ጠቅላላ ሰዓቱን ለ50 ነው የሚያካፍለው። ዲፎልት ስቶፕ ታይሙ 10 ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ 0.2 ሰከንድ፣ 50 ኸርዝ ደሞ በ0.2 ሰከንድ ልክ 10 ዙር ይዞራል! ከክሎክ ተነስተሽ ሳይኑን ራስሽ ከሰራሽው ስኮፑ ላይ ዜሮ መስመር ነው የምታዪው፣ ያው የ49ኙ ታሪክ ነው። ሳይን ዌቭ የሚለውን ብሎክ ከተጠቀምሽ ስቴፑን ከፔሬዱ ሲሶ እንዳይበልጥ ያደርገዋል፣ እሱም ቢሆን በዙር 3 ነጥብ ነው፣ ጫፉ 311 መሆኑ ቀርቶ 269 ላይ የሚቆም መጋዝ የመሰለ ነገር ታያለሽ። ማክስ ስቴፕ ሳይዝ ላይ 0.0005 ጻፊበት፣ በዙር 40 ነጥብ ማለት ነው።

የመጨረሻው ነገር፣ ይሄ ብዙ ሰው ያስቸግራል። እነዚህ እኩል ያልሆኑ ነጥቦች ለስዕል ናቸው፣ በቀጥታ ኤፍኤፍቲ (ሲግናሉን በፍሪኩዌንሲ የሚበትነው ስሌት) ውስጥ እንዳትከቻቸው፣ ኤፍኤፍቲ እኩል ስቴፕ ነው የሚፈልገው፣ ሃርሞኒክሱን ማየት ከፈለግሽ ለብቻው እኩል ነጥብ አስልተሽ ስሪው። አርኤምኤስ (ውጤታማ ቮልቴጁን) ስታወጪም ስኩዌር አድርገሽ ሚን (አማካይ) አትበዪው፣ ሚን እያንዳንዱን ነጥብ እኩል ስለሚቆጥር ዜሮው ክፍል ሁለት ነጥብ ብቻ ይዞ ሰዓቱ ሲሶ መሆኑ ይረሳል፣ ውጤቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ትራፔዞይድ በሚለው፣ ማትላብ ከሆነ ትራፕዝ፣ ኢንቲግሬት አድርገሽ ለፔሬዱ አካፍዪውና ስኩዌር ሩት አውጪ። ለ60 ዲግሪ 197 ቮልት አካባቢ መምጣት አለበት፣ ከዚህ በጣም ከራቀ ኮዱን እዚሁ ለጥፊውና እናየዋለን።